ክር የሌለው የስፌት መኪና

ደብሪቱ፣

ብዕሩን የያዘችው ልጅሽ ሙሉ ናት። ቃሉ የእኔ፣ የባልሽ የተሰማ ነው። ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቂያለሽ፤ ብቆጥርም ኖሮ ዛሬ ይህ እጅ ብዕር አይዝም። ስለዚህ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። እንዳታሳምረው ነግሬያታለሁ። እኔ ያላልኩትን ጨምራ ብታሞካሸኝ ሲነበብልኝ እይዛታለሁ።

ከተለያየን በመጪው እሁድ ሰባት ዓመት ይሞላል። ሰባተኛ ዓመትሽን በድሮ ቀያችን በኡካ፣ እዚያው በተኛሽበት ደብር እንዘክራለን። ድንኳኑን፣ ጠላውን፣ ቄሶቹን ለሙሉ ተዪላት፤ ሁሉንም አሰናድታለች። እኔን የከበደኝ ከምግቡ በኋላ ያለው ነው። የእድሩ ዳኛ ይነሣና ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ከዚያ በአርባሽ ያለውን፣ በሙት ዓመትሽም የደገመውን ይላል፦ "ጋሼ ተሰማ ማለት የሚስቱን ከፈን በገዛ እጁ ሰፍቶ የሸኘ ሰው ነው።" ሴቶቹ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ወንዶቹ ወደ እኔ ይዞራሉ። እኔም ጋቢዬን ሰብሰብ፣ አንገቴን ደፋ አድርጌ ምስጋናውን እቀበላለሁ።

ከፈንሽን እኔ አልሰፋሁትም፣ ደብሪቱ።

ይኸው ወጣ። እሁድ ዳኛው አፉን ሳይከፍት ሙሉ ይህን ደብዳቤ በሰው ፊት ታነበዋለች። ግን አንቺ ከእድርተኛ እኩል መስማት የለብሽም። ስለዚህ ዛሬ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። የቤቱንም ወሬ እግረ መንገዴን አወራሻለሁ፤ ወሬ ትወጂ ነበር።

የኡካውን ቤት ለአንድ አስተማሪ አከራይተነዋል። ሱቄ ሞባይል መጠገኛ ሆኗል። እኔ መቱ ከተማ፣ ከሙሉ ጋር ነው ያለሁት። ቀን ቀን መሥሪያ ቤቷ በኦሮምኛ ቁቤ ስትጽፍ ትውላለች፣ አሁን ደግሞ ለእኔ በአማርኛ ትጽፋለች። ከተማው በባጃጅ ተሞልቷል፤ ደጅ ቆመሽ ከሰው ጋር ማውራት አይቻልም። ያልተለወጠው ዝናቡ ብቻ ነው። ከጀመረ ማባራት አያውቅም። ሰው ለቡናው ጥሩ ነው እያለ ያመሰግናል፤ እኔ ደመናው ሲጠቁር ጉልበቴን እይዛለሁ። የስፌት መኪናዬ ሳሎን ጥግ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል። አንድ ቀን ልጅሽ ቴሌቪዥን ላስቀምጥበት ብትል ሳምንቱን አኮረፍኳት።

ቀኔን ብነግርሽ እንዲህ ነው። ጠዋት ዓይኔ ይከፈታል፣ እጄ አይከፈትም። ጣቶቼ አብጠው፣ ግለው፣ ወደ መዳፌ ታጥፈው ያድራሉ። ብርድ ልብሱን ከላዬ የምገፈው በክርኔ ነው። ሙሉ፣ ጨው የገባበት ሙቅ ውኃ በሳህን ታመጣልኛለች። እጄን ነክሬ እቀመጣለሁ። ሰው ቅዳሴ ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው የእኔ ጣት ማንኪያ መያዝ የሚጀምረው። ሸሚዜን ሙሉ ትቆልፍልኛለች። የስንቱን ሰው ቁልፍ ስተክል የኖርኩ ሰውዬ፣ የራሴን ስድስት ቁልፍ ልጄ ቆማ ትቆልፍልኛለች፤ እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ። መጸዳጃ ቤት ግድግዳው ላይ ያስመታችው፣ ይዤው የምነሣበት ብረት አለ። ከሰው ሁሉ በፊት የማመሰግነው እሱን ብረት ነው። ቤተ ክርስቲያን ስግደት ቀርቷል። አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በአንገቴ ነው የምሰግደው።

ሰላምታም ፈራሁ። ኦቦ ቶሌራ የሚባል ጎረቤት አለን። ጥሩ ሰው ነው፣ ክፋቱ እጅ አጨባበጡ ነው። "አካም ቡልተን፣ ኦቦ ተሰማ!" ብሎ ጨምቆ ሲይዘኝ ዓይኔ እንባ ያቀራል። "ናጋ" እለዋለሁ። በሰላም አድሬ አላውቅም፣ ግን ናጋ እለዋለሁ። አሁን አሁን ገና ሲመጣ እጄን ጋቢ ውስጥ እከታለሁ። "አባትሽ ምን ሆነው ነው የኮሩብኝ?" ብሎ ሙሉን ጠየቃት። ኩራት ቢሆንማ በወደድኩ።

ሐኪሙ የነገረኝን ልንገርሽ። ድሮ እኛ ሪህ ነው፣ ብርድ ነው፣ ቁርጥማት ነው ስንል አልነበር? "አባት፣ የገዛ ሰውነትዎ መገጣጠሚያዎን እንደ ጠላት ቆጥሮ ነው የሚያቃጥለው" አለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ያበላሁት፣ ያለበስኩት ሰውነት! የውጭ ጠላት ቢሆን በር እዘጋበት ነበር። ከዳሪሙ ያስመጣሽውን ወጌሻ ታስታውሻለሽ? በቅቤ አሽቶ አሽቶ፣ "አሁን ተፈታ" ብሎኝ ሲሄድ ሁለት ሳምንት ቁራሽ አልቆረስኩም። አንቺ ዶሮ ወጥ አብልተሽ ሸኘሽው። እኔ በስድብ ነበር የምሸኘው።

ሲጀምረኝ ሁለት ጣቶቼ ናቸው ያበጡት። መቀስ ብዙ ስለያዝኩ ነው አልኩሽ። ከዚያ የእጄ አንጓ፣ ከዚያ ጉልበቴ። ለሰው ትንፍሽ እንዳትይ አልኩሽ፤ እጁ ለደከመ ልብስ ሰፊ ጨርቅ የሚሰጥ የለም አልኩሽ። እሱ እውነት ነው፣ ግን የሥራው ነገር ብቻ አልነበረም። እንዲታዘንልኝ አልፈለግሁም። አንቺም አልተከራከርሽኝም፤ ዘዴ ፈጠርሽ እንጂ።

ጠዋት ሱቅ ልትጠርጊ ትመጪያለሽ። መጥረጊያውን በአንድ እጅሽ እንደያዝሽ የመኪናውን ክር ታስገቢልኛለሽ፤ ለሚያልፍ ሰው አቧራ የምታራግፊ ይመስለዋል። የእጅ መርፌዎቹን ደግሞ ቤት ውስጥ ክር አስገብተሽ፣ ጫፉን ቋጥረሽ፣ በኮቴ ገበር ላይ በረድፍ ትሰኪልኛለሽ፤ ጥቁሩን በቀኝ፣ ነጩን በግራ። አንዱ ሲያልቅብኝ ሌላውን መዝዤ እቀጥላለሁ። የኡካ ሰው ይህን ሁሉ ዓመት መርፌ ላይ ክር ሳስገባ አይቶኝ አያውቅም፤ ለምን ብሎ የጠየቀም የለም። ምሳ ይዘሽ ስትመጪ መጋረጃውን እንዘጋና እኔ እበላለሁ፣ አንቺ ትቆርጫለሽ። ውጭ የተቀመጡት የመቀሱን ድምፅ ሰምተው "ጋሼ ተሰማ እየበላም ይሠራል" ይሉ ነበር። ሳቅሽን በነጠላሽ ስታፍኚ አይሻለሁ። ያን ጊዜ ሕመሙ እንደ ሌላ ሰው ሕመም ይቀለኝ ነበር።

ቢጫዋን ክኒን የሰጡኝ ጊዜም ቀኑን የያዝሽልኝ አንቺ ነሽ። በሳምንት አንዴ ብቻ፣ ከዚያ ማለፍ አደጋ አለው ብለው አስጠነቀቁን። አንቺም እንደ እኔ ፊደል የለሽም። "ገበያ በቆመ ቀን ነው የምትውጣት" አልሽኝ። ኡካ ገበያው በሳምንት አንድ ቀን ነበር። አንቺ ዘንቢልሽን ስታነሺ፣ እኔ ክኒኔን። አንድም ቀን ተዛንፎብን አያውቅም። ጣቶቼም ትንሽ ተፍታተው ነበር፤ እሱን አልክድም።

ከዚያ አንቺ ተኛሽ። ጉበት ነው አሉ። ሦስት ወር። በመጨረሻው ሳምንት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ "ከፈኔን ተሰማ ይስፋልኝ፤ የሌላ እጅ አልፈልግም" አልሽ። ክው አልኩ። እጄን ካንቺ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ያን ጊዜ ደግሞ ክኒኗ ከመድኃኒት ቤቱ ጠፍታ፣ ጣቶቼ ተመልሰው ተዘግተዋል። ረሳችው እንዴ ብዬ ተቀየምኩሽ። እየሞትሽ፣ እኔ ቂም ያዝኩ።

ጎህ ሲቀድ አረፍሽ። አቡጀዲው መጣ። ልብስ ሰፊ ባልንጀሮቼ "እናግዝህ" አሉኝ። "ቃሏ ነው፣ ማንም አይነካውም" ብዬ፣ ሙሉን ብቻ ይዤ ጓዳ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። አንቺን ላስታምም ብዬ መኪናዬን ከሱቅ ወደዚያ ጓዳ አምጥቼው ነበር። ጨርቁን ዘረጋሁ። መቀሱን አነሣሁ፣ ወደቀ። እንደገና አነሣሁ፣ እንደገና ወደቀ። መርፌ ልፈልግ ኮቴን ከምስማሩ አወረድኩ።

በገበሩ ግራ በኩል አሥራ ሁለት መርፌ በረድፍ ተሰክቷል። ሁሉም ነጭ ክር። ሁሉም ጫፉ ተቋጥሯል።

መቼ እንዳስገባሻቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ውኃ እንኳ በሰው እጅ ነበር የምትጠጪው። ያኔ ገባኝ። አልረሳሽም። በሰው ፊት ያን ያልሽው የእኔን እጅ ልትሸፍኚልኝ ነው፤ ካንቺም በኋላ ሰው "እጁ ደህና ነው" እንዲለኝ።

አንዱን መርፌ መዘዝኩ። በሁለት ጣት መያዝ አቃተኝ። በጡጫዬ ያዝኩት፣ ሾለከ። በጥርሴ ሞከርኩ። እግዜር ያያል፣ በጥርሴ ልሰፋልሽ ሞክሬያለሁ።

ሙሉ "እኔ ልስፋው አባዬ" አለችኝ። ልጅ ሆና መኪናዬ ላይ ተቀምጣ ባገኛት፣ ሴት ልጅ እግሯን እያወዛወዘች መኪና ላይ አትቀመጥም ብዬ በአለንጋ ያስነሣኋት ልጅ ናት። ለካ የእጅ ስፌቱን አንቺ በስርቆሽ አስተምረሻት ኖሯል። ያን ቀንም መኪናውን አላስነካኋትም። የእግሬን አረጋገጥ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሦስት ፈጠን፣ አንድ ረዘም። የእሷ እግር ቢሰማ ይታወቅብናል። ስለዚህ እሷ ጥግ ላይ ተንበርክካ በእጇ ሰፋች። እኔ ክር የሌለው መኪና ላይ ተቀመጥኩና ረገጥኩ። መርፌው አሮጌ ጨርቅ ይበሳል፣ ይወጣል፣ ይበሳል፣ ይወጣል፤ የሚያያይዘው ነገር የለም። ከበሩ ውጭ ሴቶቹ "ስሙት፣ ስሙት፣ እየሰፋላት ነው" እያሉ ሲያለቅሱ እሰማለሁ። እነሱ ባለቀሱ ቁጥር አብዝቼ እረግጣለሁ። ሰው ሁሉ አልቅሶልሽ፣ ያን ጠዋት ያላለቀስኩልሽ እኔ ብቻ ነኝ። ሥራ ላይ ነበርኩ።

ቁመትሽን በለካሁበት ሲባጎ ነው የቆረጠችው፤ ገና ሙሽራ ሳለሽ ለቀሚስሽ የለካሁሽ ሲባጎ። ጨርቁ ካንቺ ተርፎ ነበር። ያን ያህል አጥረሽ ነበር። ከአሥራ ሁለቱ መርፌ ዘጠኙ ላይ አለቀላት። ሦስቱ እስከ ዛሬ ኮቴ ላይ ናቸው።

ስፌቷ ከእኔ ስፌት ይበልጥ ነበር። ቀጥ ያለ፣ የማይታይ፣ ለሚቀበር ጨርቅ የማይደከም ድካም። ይህን ለሷ ነግሬያት አላውቅም። ጻፊው፣ ሙሉ።

ከቀብርሽ በኋላ መቱ አመጣችኝ። ክኒኗም ተገኘች። "ቀኑን እኔ ላስታውስህ?" ብትለኝ "እናትሽ ያስተማረችኝ ይበቃኛል" ብዬ አፏን አስያዝኳት። ገበያ በቆመ ቀን። መቱ ግን ገበያው በሳምንት ሁለቴ ነው፤ ዋናውና ትንሹ። እኔ ይህን መች አሰብኩ! በመስኮት ዘንቢል የያዘ ሰው ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር ክኒኔን እውጣለሁ፣ አንቺንም አመሰግናለሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ አፌ ውስጡ ላጥ አለ፤ ቀዝቃዛ ውኃ እሳት ሆነብኝ። ሆስፒታል ወሰደችኝ። ደሜን አይተው ደነገጡ። ሐኪሙ የተረፈውን ክኒን ቆጠረና "አባት፣ በሳምንት ስንቴ ነው የሚውጡት?" አለኝ። "በገበያ ቀን" አልኩት። ግራ ገብቶት ወደ ሙሉ ዞረ። ሙሉ እያለቀሰች "በኡካ ገበያ ነው የለመደው" አለችው።

ከዚያ ወዲህ ክኒኗን ከለከሉኝ። በምትኩ የሰጡኝ ፊቴን እንደ ዳቦ ነፋው፤ ጣቴን ግን አልከፈተውም። ሌላ መድኃኒት አዲስ አበባ አለ ይላሉ፣ ለኔ ግን ጊዜው አልፏል። "ይህ የታጠፈው አይመለስም" አለኝ ሐኪሙ። ሳያባብል ስለነገረኝ ወደድኩት። እኔም አልጠብቅም። ጠዋት የሚመጣው ያው ጠዋት ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ መቀበር እችል ነበር። ለምን አሁን አወጣኸው ካልሽኝ፣ ምክንያቱ ይኸውልሽ። ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ፣ ጠዋት ውኃዬን የምታሞቀው ሙሉ፣ ሳህኑ ላይ ቆየት ማለት ጀመረች። የተኛሁ መስዬ አየኋት። የእኔ ውኃ ውስጥ የራሷን እጅ ትነክራለች። ሸሚዜን ስትቆልፍ የመጨረሻው ቁልፍ ላይ ትዘገያለች። ያንቺን የብር ቀለበት ከጣቷ አውልቃለች። የት ገባ ስላት "ጠፋብኝ" አለች። በኋላ ሳጥኗ ውስጥ አየሁት። ጣትሽ ምን ሆኗል ብላት "ኮምፒውተር ብዙ ስለነካሁ ነው" አለችኝ። መቀስ ብዙ ስለያዝኩ ነው ያልኩሽን ታስታውሻለሽ፣ ደብሪቱ? ለሐኪም አልተናገረችም። ለመሥሪያ ቤቷም አልተናገረችም። "ደህና ነኝ" ትላለች፤ ልክ እንደ እኔ ናጋ።

ይህን ስናገር ብዕሩን አስቀመጠችው። "ይሄን አልጽፍም አባዬ" አለች። ያዢው አልኳት። ያዘችው። እንዴት እንደያዘችው ግን አየሁ። በሦስት ጣት አይደለም የያዘችው፤ በጡጫዋ ነው።

መደበቅን ከማን እንደተማረች አውቃለሁ። እኔ ባዶውን መኪና ስረግጥ እሷ አጠገቤ ተንበርክካ ነበር። ስፌት ከለከልኳት፣ ውሸት አስተማርኳት። አንቺ የሸፈንሽልኝ በፍቅር ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ለሷ ክር እያስገባ የሚሰካላት ሰው የለም። እኔ አልችልም።

ስለዚህ እሁድ ይነበባል። ዳኛው ይፈር። የሚስቅ ይሳቅ። እነዚያ ልብስ ሰፊ ባልንጀሮቼ የፈለጉትን ይበሉኝ፤ መቱ ድረስ አይሰማኝም። ከተነበበ በኋላ ሙሉ ማንንም "ደህና ነኝ" ብላ የምታሳምንበት አፍ አይኖራትም፤ ሰኞ ሆስፒታል ትሄዳለች። ሐኪሙ ቶሎ የተጀመረ ሰው ይሻለዋል ይላል። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። እኔ ተስፋ ማድረግ ከተውኩ ቆይቻለሁ፣ ላንቺም ተስፋ አልልክልሽም። ብቻ እኔ ስደበቅ ያሳለፍኩትን ጊዜ እሷ አታሳልፈው።

መኪናውንም ሰጥቻታለሁ። እጇ እስከፈቀደላት ትስፋበት፤ አልፈልግም ካለችም ቴሌቪዥኗን ታስቀምጥበት።

አንቺን በተመለከተ፣ ቃል የምገባልሽ አንድ ነገር ነው። ልሰፋልሽ አልቻልኩም፣ ልጽፍልሽም አልቻልኩም። ማስታወስ ግን ጣት አይጠይቅም። ጠዋት የመጨረሻው ቁልፍ ሲቆለፍ አስታውስሻለሁ። ሰው ዘንቢል ይዞ ሲያልፍ አስታውስሻለሁ፤ በትንሹም በትልቁም ገበያ። ሦስቱን መርፌ ማንም አይሰፋባቸውም። እኔ ስሞት ኮቴ ላይ እንደተሰኩ ከነኮቴ አብረውኝ ይግቡ። ከፈኔን ደግሞ ማን እንደሚሰፋው ሰው ሁሉ ይወቅ፤ በሩ ክፍት ይሁን።

በቃኝ፣ ሙሉ። እጅሽን አሳርፊው። ከዚያ ከላይ ጀምረሽ ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ። ስፌትሽ ከእኔ ይበልጥ ነበር ያልኩትን ዘለሽው ከሆነ እይዝሻለሁ።